የጠፋው ምድጃ እናቴን አቃጠላት!

እሳት እንደሚያቃጥል ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ሕፃን ልጅ እንኳ አንድ ቀን ጣቱን ካስለበለበው በኋላ ሁለተኛ አይጠጋም። የጠፋ እሳትስ? የጠፋ እሳት ያቃጥላል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር። ያመንኩት የእናቴን መዳፍ ካየሁ በኋላ ነው። ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሳሁትም ይህንኑ ነው። ምናልባት ከናንተ መሐል እንደኔ «ዘመናዊ» ምድጃ ደርሶት በደስታ የሚዘል ካለ፣ ዝላዩን ለአፍታ ገታ ያድርግና ይስማኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና እናቴ የምንኖረው መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ፣ ከገበያው ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። ግቢው ውስጥ ከኛ ሌላ ሦስት ተከራዮች አሉ፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ባለ አንድ ቆጣሪ ግቢ ውስጥ የኖረ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። ካውያ ሲሰካ ጠብ፣ ምጣድ ሲሰካ ጠብ፣ ወሩ አልቆ ሂሳቡ ሲካፈል ደግሞ ሽምግልና! የቤቱን ባለቤት ሁላችንም «አቦይ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ መብራት ላይ ግን ቀልድ አያውቁም።

እናቴ እንጀራውን በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች፤ እኛ ጋ ሞጎጎ ይባላል። ወጡንና ቡናውን ግን ዕድሜዋን ሙሉ ያበሰለችው በፈርኔሎ፣ በከሰል ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ሞጎጎውም ሥራ ፈትቶ ሁሉ ነገር ወደ እንጨትና ወደ ጢስ ተመለሰ። በኅዳር 2015 መጨረሻ ላይ መቀሌ ከዋናው መስመር ጋር እንደገና ስትገናኝ እናቴ አምፖሉን እያየች እልል አለች። ዓይኗ ግን ከዚያ ወዲህ ጢስ በሸተተው ቁጥር ማልቀስ ለመደ።

ይህንን የሰማች ጀርመን አገር ያለች ታላቅ እህቴ ናት ወደ አገር ቤት በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ምድጃውን የላከችልን።

«ተኝቶ የሚታይ ቴሌቪዥን»

ካርቶኑ ሲከፈት ግቢው በሙሉ ተሰበሰበ። ጥቁር፣ ለጥ ያለ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ነገር። ሁለት ክቦች በነጭ ተሥለውበታል፣ ከፊቱ ሁለት መዘውር። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ትክ ብሎ አየውና «ተኝቶ የሚታይ ቴሌቪዥን ነው እንዴ?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔማ ምኑ ቅጡ! ፋራነት በቃ፣ ከሰል ደህና ሁን፣ ዝነጣ በቤታችን ገባ ብዬ ነው የተኩራራሁት።

እህቴ በስልክ «ቀዩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ እንዳትነኩት» ብላኝ ነበር። ሰምቻለሁ። ግን ልቤ ምድጃው ላይ ስለነበር በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። በነጋታው እናቴ ከመዘውሩ አጠገብ የበራችውን ትንሽ ቀይ ምልክት በጣቷ እያሳየች ጠየቀችኝ።

«ጓለይ፣ ይቺ «ዘ» ምንድን ናት?»

የፈረንጆቹ «ኤች» ናት። እውነትም የኛን «ዘ» ትመስላለች። «ትኩስ ነው» ለማለት የተቀመጠች ፊደል ናት። እኔ ግን ምን ብዬ መለስኩላት መሰላችሁ? «የፋብሪካው ምልክት ናት መሰለኝ፣ አደይ።» በቃ። ይህቺን አንድ ዓረፍተ ነገር መልሼ መዋጥ ብችል ስንት በከፈልኩ!

በሦስተኛው ቀን ሽሮ ሠራሁ። መዘውሩን አጠፋሁ፣ ድስቱን አነሳሁ፤ በዚያው ቅጽበት ስልክ ጮኸ። እህቴ ናት። «ምድጃው እንዴት ነው?» አለች። እየወጣሁ እየገባሁ ስለምድጃው ሳወድስ፣ እናቴ ደግሞ ልጄ ያዝረከረከችውን ልጥረግ ብላ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች። ከሰል ቢሆን ፍሙን ታያለች፣ ወላፈኑን በፊቷ ትሰማለች። ይሄ ግን ጥቁር ነው። ጥቁር ደግሞ በሷ ቋንቋ የቀዘቀዘ ነው። በቀኝ እጇ ልትጠርግ፣ የግራ መዳፏን ክቡ ላይ ተደገፈች።

«ዋይ አነ!» የሚለውን ድምፅ እህቴ ጀርመን ሆና ሰምታዋለች።

ሃያ ሊትር ለሃያ ደቂቃ

ግቢው እንደገና ተሰበሰበ፤ አሁን ግን የሚስቅ የለም። አንዷ የጥርስ ሳሙና ይዛ ሮጠች። ሌላዋ የተፈጨ ቡና። አንዱ «ቅቤ! ቅቤ ቀቡላት!» ይላል። ጥርስ ሳሙናው ሊቀባ ቱቦው ተከፍቶ ሳለ፣ ከተከራዮቹ አንዷ ነርስ ናትና ደርሳ ነጠቀቻቸው። «ምንም እንዳትቀቡ! ውሃ አምጡ!»

ውሃ... ቀዳማይ ወያነ ውስጥ በፈረቃ ውሃ የምትጠብቁ ሁሉ ልቤ ለምን ቀጥ እንዳለ ይገባችኋል። ያን ሳምንት ቧንቧው ደርቆ ነበር። ቤት ውስጥ የቀረችን አንዲት ቢጫ ጄሪካን ናት። እውነቱን ልናገር አይደል? ለአንድ አፍታ ጄሪካኑን አይቼ አመነታሁ። አንድ ኩባያ ብቻ ባፈስስስ ብዬ አሰብኩ። ነርሷ ሐሳቤን ያነበበች ይመስል «ሃያ ደቂቃ! ሙሉ ሃያ ደቂቃ ይፍሰስበት» አለች። ሃያ ሊትር ለሃያ ደቂቃ። በቀጭኑ ካፈሰሱት በደቂቃ አንድ ሊትር፤ ልክ ይበቃል! ከሥር ሳፋ አደረግን፤ የወረደውን ለሽንት ቤት አስቀመጥነው።

ያን ዕለት ከነርሷ የተማርኩትን ለናንተም ላካፍላችሁ፤ ለየትኛውም ቃጠሎ ይሆናልና። ቀለበትና ሰዓት ካለ እጅ ሳያብጥ ቶሎ ይውለቅ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ በረዶ ግን አይደለም፣ ለሃያ ደቂቃ ይፍሰስበት። ቅቤ፣ ማር፣ እንቁላል፣ ቡና፣ የጥርስ ሳሙና የሚባል ነገር አይጠጋው፤ ሙቀቱን አፍነው ያስቀሩታል፣ ቁስሉንም ያመረቅዙታል። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት። በንጹሕ ነገር ላላ አድርጎ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በተለይ የእጅ መዳፍ፣ ፊት፣ መገጣጠሚያ ወይም የሕፃን ገላ ከሆነ «ነገ አየዋለሁ» አይባልም።

እናቴ ከጤና ጣቢያ በነጭ ፋሻ ተጠቅልላ ተመለሰች። ምድጃው በካርቶኑ ተመልሶ አልጋ ሥር ገባ። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል የሚባለው? እናቴ በዚያ በኩል ስታልፍ እንኳ እግሯን ትሰበስብ ነበር።

መስታወት ነው ሸክላ?

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ይሄ ነገር ምንድን ነው? መስታወት ከሆነ እሳት ላይ ተቀምጦ እንዴት አይሰነጠቅም? ጠፍቶስ እንዴት ያቃጥላል? ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ለካ የተወለደው በስህተት ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኮርኒንግ በሚባለው የመስታወት ኩባንያ ዶናልድ ስቱኪ የተባለ ተመራማሪ አንድ ቁራጭ መስታወት እሳት ውስጥ ከትቶ ወደ 600 ዲግሪ ሊያሞቀው አሰበ። መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ሙቀቱ ወደ 900 ደረሰ። ሰውየው ቀልጦ የተዝረከረከ ነገር አገኛለሁ ብሎ ሲከፍት፣ ነጭ የሆነ ሳህን መሳይ ነገር ጠበቀው። ሊያወጣው ሲል ከመቆንጠጫው አምልጦ ወለል ላይ ወደቀ። አልተሰበረም! እንደ ብረት ጮኸ እንጂ። ከዚያ ስህተት ነው ግማሹ መስታወት፣ ግማሹ ሸክላ መሳይ የሆነ አዲስ ነገር የመጣው። በሙቀት አይለጠጥም፣ በቅዝቃዜ አይኮማተርም ለማለት ይቻላል፤ የማይሰነጠቀው ለዚህ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀርመኖቹ ጥቁር አድርገው የምድጃ ፊት አደረጉት።

አሠራሩ ደግሞ የተለየ ምትሐት የለውም። ከመስታወቱ ሥር የተጠመዘዘ ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይቀላል፤ ሙቀቱ በመስታወቱ በኩል ወደ ድስቱ ይወጣል። ሲሠራ የክቡ ፊት እስከ 500 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። መዘውሩ ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ ይቆማል እንጂ ሙቀቱ የትም አልሄደም። እዚያው ነው። ቅላቱ ብቻ ጠፋ። አያቶቻችን ማታ ፍሙን አመድ አልብሰው ያሳድሩት የለም? የተዳፈነ እሳት ማለት ነው! ፈረንጅ ያዳፈነው እሳት። አመዱን ጥቁር መስታወት አድርጎት ነው እናቴን የሸወዳት።

የእናቴ ትምህርት ቤት

እናቴ በአንድ እጇ መጋገር ስለማትችል ሁለት ሳምንት ሙሉ እንጀራ ጋጋሪዋ እኔ ሆንኩ። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዛለች፤ እኔ ካርታ የሚመስል እንጀራ አወጣለሁ። በሁለተኛው ቀን ሊጡ ሊያልቅ ሁለት እንጀራ ሲቀረው «አጥፊው» አለችኝ።

«አደይ፣ ገና ሁለት ይቀራል እኮ!»

«አጥፊው አልኩሽ። ሞጎጎው ለሁለቱ የሚበቃ እሳት በሆዱ ይዟል።»

አጠፋሁት። ሁለቱም ወጡ። እንዲያውም የመጨረሻው ከሁሉም ያማረ ሆነ።

ቆሜ ቀረሁ። ሞጎጎው ምንድን ነው? የሸክላ ገበታ፣ ከሥሩ የተጠመዘዘ ሽቦ። አልጋ ሥር የተደበቀው ምድጃስ? መስታወት መሰል ሸክላ፣ ከሥሩ የተጠመዘዘ ሽቦ። ወንድምና እህት ናቸው! እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጠፋ በኋላ በሚያቃጥል ነገር ስትጠቀም ኖራለች። ሞጎጎውን በእጇ ነክታው አታውቅም፤ ምክንያቱም ታውቀዋለች። አዲሱን የነካችው የሚያስተዋውቃት ሰው ስላጣች ነው። ማስተዋወቅ የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ያን ማታ ምድጃውን አውጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። «ዘ» የፋብሪካ ምልክት እንዳልሆነች፣ ስለማላውቀው ነገር እንደዋሸኋት ጭምር። ዝም ብላ ሰማችኝና «እና ይሄም እንደ ሞጎጎው በሆዱ ይይዛል ማለት ነው?» አለች። «አዎ» አልኳት። «ታዲያ ሽሮውን ለምን መጨረሻ ድረስ እሳት ታነጂበታለሽ? ቀድመሽ አጥፊው እንጂ!»

አያችሁ? መዳፏን ያቃጠላትን ሙቀት፣ በአንድ ቃል ገንዘብ አደረገችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሽሮም ሆነ ምስር ሊወጣ አምስት፣ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው መዘውሩን እንዘጋለን፤ የቀረውን የተዳፈነው እሳት ይጨርሰዋል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ፣ ብዙ የተጠቀመም በውድ እየከፈለ ባለበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ፍሩ!

ጉዳችን ግን በዚህ አላበቃም። አሁን የምነግራችሁ ጥፋት ሙሉ በሙሉ የኔ ነው።

አንድ ቅዳሜ ምስር ጥጄ መብራት ሄደ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፣ የለም። «በዚህ አጋጣሚ ሽንኩርት ልግዛ» ብዬ ቤቱን ቆልፌ ወደ ገበያ ወጣሁ። እናቴ ልቅሶ ቤት ናት። መዘውሩን? አልዘጋሁትም! መብራት የለ፣ ምን ይዘጋል?

ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ ከአንድ ሱቅ ሙዚቃ ሲጀምር ሰማሁ። መብራት መጣ ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ፈገግታው ፊቴ ላይ ደረቀ። ሽንኩርቱን ጥዬ ሮጥኩ።

ስደርስ አቦይ በሩን በመዶሻ ሰብረውታል። ምስሩ ከሰል ሆኗል፣ ድስቱ ጠቁሯል፣ ክፍሉ ጢስ ብቻ። ይባስ ብሎ ምድጃውን የሰካሁባት ርካሽ ማከፋፈያ ቀልጣ ግድግዳው ላይ ተጣብቃለች። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ጣሪያው፣ ከጣሪያው አራት ቤተሰብ!

አቦይ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ ወይ ምድጃው ይውጣ፣ ወይ እናንተ ውጡ። እስከ ወሩ መጨረሻ» ብለው ሄዱ። የተገነጠለው በር ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ለእናቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ጢሱ ወደ ዓይኗ ሊመለስ ነው፣ ወይም ደግሞ ቤት ፍለጋ ልንንከራተት ነው።

ስለዚህ ይቺን በደም ጻፏት። መብራት ሲሄድ በመጀመሪያ የሚደረገው ነገር ሻማ ፍለጋ አይደለም፤ የምድጃውንም፣ የምጣዱንም፣ የካውያውንም ማጥፋትና መንቀል ነው። በመዘውር የሚሠራ ምድጃ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሰው ይኑር አይኑር አይጠይቅም። በጣት የሚነኩት ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ይቆያል፤ ቢሆንም አትመኑት፣ ንቀሉት።

ሽቦው ይችላል ወይ?

በማግስቱ ጠዋት ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይዤ አቦይ ዘንድ ቀረብኩ። «አቦይ፣ ከመፍረድዎ በፊት እሱ የሚለውን ይስሙልኝ» አልኳቸው። ባለሙያው እስክሪብቶ አወጣና ሒሳቡን አስቀመጠው።

የምድጃው አንዱ ክብ 1,800 ዋት፣ ሌላው 1,200 ዋት ነው። ሁለቱ ሲበሩ 3,000 ዋት። ይህንን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 13.6 አምፔር ገደማ ይሆናል። ያቺ ቀልጣ የተገኘችው ማከፋፈያ የምትችለው 10 አምፔር ብቻ ነበር፤ ከጀርባዋ ተጽፎባታል፣ አንብቤው አላውቅም እንጂ። ሞጎጎው ደግሞ 3,500 ዋት ነው፤ ብቻውን ወደ 16 አምፔር ይስባል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ባንድ ጊዜ ከተሰኩ 30 አምፔር ሊጠጋ! ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እንደ ምድጃው ሽቦ ይግላል። ልዩነቱ አይታይም።

«ተከዜም 300 ሜጋ ዋት ያመንጭ፣ በጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴው ግድብም ከ5,000 በላይ» አለ ባለሙያው እየሳቀ፣ «ከቆጣሪው እስከ ምድጃው ያለው ሽቦ ቀጭን ከሆነ ግድቡ አያድናችሁም።»

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። ከብሬከሩ ሳጥን እስከ ወጥ ቤታችን ድረስ ለምድጃው ብቻ የሚሆን 2.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ ተዘረጋ። 16 አምፔር ብሬከርና ምድር ያለው ጠንካራ ሶኬት ተገጠመለት። የጀርመኑ ስፒና የጎን ብረቶች ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም፤ ምድር የሚባለው መስመር በነሱ በኩል ነው የሚገናኘው። ምድር በሌለው ሶኬት ብትሰኩት ምድጃው ይሠራል፤ አንድ ቀን ሽቦው ከብረት አካሉ ጋር ቢነካካ ግን ኤሌክትሪኩ መውረጃ መንገድ የሚያደርገው እናንተን ነው።

አቦይ ብሬከሩን ከፍተው ዘጉት፣ ዘግተው ከፈቱት። «እኔም ሳልኖር በሩን ሳልሰብር ከዚህ ማጥፋት እችላለሁ ማለት ነው?» «ይችላሉ» አላቸው። ወጪውን እኔ ከፈልኩ፤ በሩንም አሠራሁ። ሞጎጎ ሲሰካ ምድጃው እንዳይሰካ ቃል አስገቡኝ። ቆየን!

ድስታችሁን ገልብጡት

እንግዲህ በኔ ስህተት የተገኘውን ጥበብ ለቀም ለቀም አድርጌ ላቀብላችሁ።

ድስታችሁን ገልብጡና ቂጡ ላይ ማስመሪያ አስቀምጡ። በማስመሪያውና በድስቱ መሐል ብርሃን ካለፈ ድስቱ ጎብጧል። የጎበጠ ድስት መስታወቱን በሁለት፣ ሦስት ቦታ ብቻ ስለሚነካ ሙቀቱ ድስቱን ትቶ አየሩን ያሞቃል፤ ወጡ ይዘገያል፣ ቆጣሪው ይሮጣል። ቂጡ ለጥ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ስፋቱም ከክቡ ጋር እኩል የሆነ ይሁን። እንደ ኢንዳክሽን ምድጃ ማግኔት የሚይዘው ድስት ካልሆነ አይልም፤ ለጥ ካለ ይበቃዋል። ስሱ የአሉሚኒየም ድስት ግን ቶሎ ይጎብጣል፣ መስታወቱ ላይም ብርማ ጭረት ይተዋል። የሸክላ ድስትና ጀበና አይስማሙትም፤ ሆዳቸው ክብ ነው፣ ሥራቸው ሻካራ ነው፣ ይቧጭሩታል። የኛ ጀበና እስከ ዛሬ ፈርኔሎ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ከሰል ስታቀጣጥሉ በርና መስኮት ይከፈት፤ ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሽታ በሌለው ጋዝ እንቅልፍ ላይ እንዳለ ይገድላል።

መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላውና ሽንብራው የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። ታዲያ ከፈላ በኋላ መዘውሩን እስከ መጨረሻ ብታዞሩት ውሃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ሲፈላ ዝቅ አድርጉት፣ ክደኑት። ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፉት። ክቡ እየቀላ እየጠቆረ ሲሄድ «ተበላሸ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ሙቀቱን የሚመጥነው እንደዚያ እያደረገ ነው።

ፌስታል፣ ፕላስቲክ ማንኪያና ፎይል አይጠጉት። ፌስታል ትኩስ መስታወት ላይ ወደቀ ማለት ተጣበቀ ማለት ነው። ሽሮ ቢፈናጠር እስኪበርድ ጠብቁና በምላጭ መፋቂያ አጋድማችሁ አንሱት፤ ከዚያ ውሃና ጥቂት አቼቶ በለስላሳ ጨርቅ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና አሸዋ ክልክል! ስኳር ከፈሰሰ ብቻ ነገሩ ይለያል፤ ከቀዘቀዘ መስታወቱን እየቦደሰ ስለሚነሳ፣ አጥፍታችሁ ገና ትኩስ ሳለ ረጅም እጀታ ባለው መፋቂያ፣ እጃችሁን ጠብቃችሁ መፋቅ ነው።

መስታወቱ ከተሰነጠቀ፣ ፀጉር የምታህል መስመር ብትሆን እንኳ፣ ያለቀለት ነው። በስንጥቁ ወጥ ቢገባ ከሥር ሽቦው አለ። እጅ ሳታስገቡ ከብሬከሩ አጥፉ፣ ንቀሉ፣ አትጠቀሙ። ዘይት እሳት ከያዘ ውሃ እንዳትደፉ! ምድጃውን አጥፍታችሁ በክዳን አፍኑት። የድስት እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር፤ የግቢው ልጆች እጅ ረጅም ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አዲስ ዕቃ ቤታችሁ ሲገባ መጀመሪያ የምታስተዋውቁት ከሁሉ በኋላ ለሚነካው ሰው ይሁን። ለእናት፣ ለአያት፣ ለሠራተኛ፣ ለሕፃን። «ይቺ ምንድን ናት?» ብለው ሲጠይቋችሁ የማታውቁትን አትመልሱ። «ቆዪ፣ ጠይቄ ልንገርሽ» ማለት ፋራነት አይደለም።

የእናቴ መዳፍ አሁን ድኗል። ከአውራ ጣቷ ሥር ግን ክቡን የተከተለች ቀጭን ጠባሳ ቀርታለች። ጢሱ ስለቀነሰ ዓይኗም እንደ በፊቱ አያለቅስም። ትናንት ማታ እራት በልተን፣ እኔ ሰነፍ አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ሳለ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወደ ምድጃው ሄደች። ልቤ ዘለለ። እሷ ግን ከመድረሷ በፊት ቆም አለች፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችና እንዲህ አለች፦

«ገና ናት። «ዘ» አልተኛችም።»

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጀበናዋን ልታጥብ ወጣች። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።